አረንጓዴው ሸለቆና የኛ ደረቅ አሸዋ፦ ልጆች ይዘን ከመውረዳችን በፊት

ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ግራና ቀኙ ከላይ እስከ ታች ቅጠል የለበሰ ጠባብ ሸለቆ ነው። መሃሉ ላይ ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ውሃ ይወርዳል። ልጆች ውሃው ውስጥ ይንቦጫረቃሉ፣ ወላጆች ከኋላ ቀስ ብለው ይከተላሉ። ድሬዳዋ ላይ ሆኖ ይህን የሚያይ ሰው፣ በተለይ ግንቦት ላይ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ መጀመሪያ "ይሄ የት ነው?" ይላል። ቀጥሎ "እኛ ጋ ለምን የለም?" ይላል። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም፦ እኛ እሁድ እሁድ ልጆቻችንን ይዘን የምንወርድበት ደረቅ የወንዝ አሸዋ ከዚህ ሸለቆ ጋር ምን ያገናኘዋል?

እኔ የምጽፈው ለሦስተኛው ጥያቄ ስል ነው። ሁለቱም ሸለቆዎች የውሃ ሥራ ናቸው። እዚያ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ይታያል፣ እኛ ጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ደግሞ የሚያሰጋው የማይታየው ውሃ ነው። በቅደም ተከተል እንሂድ።

ሸለቆው የት ነው? ጉዞውስ ምን ያህል ቀላል ነው?

ስሙ ፈርን ካንየን ነው፣ ፈርን የሚባለው ዕፅ ሸለቆ ማለት ነው። ያለው አሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ አካባቢ፣ ፕሬሪ ክሪክ ሬድውድስ በሚባል ፓርክ ውስጥ ነው። ጎልድ ብላፍስ ከተባለው የፓስፊክ ዳርቻ ተነስታችሁ ጥቂት ከተራመዳችሁ ትደርሳላችሁ። አካባቢው የሬድውድ ዛፍ አገር ነው። ከ110 ሜትር በላይ የሚረዝሙ አሉ፤ በዓለም ላይ ከነሱ የሚረዝም ዛፍ የለም። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከኛ ጀጎል 26 ዓመት ቀድሞ።

ሸለቆውን የቆፈረው ሆም ክሪክ የሚባል ትንሽ ጅረት ነው። ግድግዳዎቹ 15 ሜትር ገደማ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም ያልፋሉ። መሄጃው የጅረቱ ወለል ራሱ ነው፦ ጠጠር፣ አሸዋና ስስ ውሃ። የወደቁ ትልልቅ ግንዶች መንገዱን ያቋርጣሉ። ልጆች ከስር ይሾልካሉ፣ አዋቂው ከላይ ይሻገራል። ወደ ውስጥ ከዘለቃችሁ በኋላ በደረጃ ወደ ላይ ወጥታችሁ በጫካው በኩል ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። ዙሩ ተደምሮ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን መንገድ ነው፣ የሕፃን ጋሪ ግን አያስኬድም። ውሻ ይዞ መግባትም ክልክል ነው።

የዝናባቸው ወቅት ሲያልፍ የፓርኩ ሠራተኞች ጅረቱ ላይ ትንንሽ የሳንቃ ድልድዮች ያስቀምጣሉ። ዝናቡ ሲመለስና ውሃው ሲጨምር ድልድዮቹ ይነሳሉ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ። ሰውም ስለበዛበት ከሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በኛ ከግንቦት 7 እስከ መስከረም 5 መሆኑ ነው፣ መኪና ይዞ ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ማስያዝ ግድ ነው።

እና "ቀላል" ሲባል አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አስፋልት አይደለም፣ መኪናው ጅረትም ያቋርጣል። ዳርቻው ላይ ኤልክ የሚባሉ፣ ወንዱ ከ400 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል የአጋዘን ዓይነት እንስሳት በመንጋ ይግጣሉ፤ ጎብኚው እንዳይጠጋቸው ይነገረዋል። ጉዞው ቀላል የሆነው ርቀቱ አጭር፣ ዳገቱ ትንሽ፣ ውሃው ዝግ ያለ ስለሆነ ነው። የመጨረሻው ምክንያት ነው ዋናው።

ፈርን ምንድነው? ለምንስ ግድግዳ ላይ ይበቅላል?

ፈርን አበባ የሌለው ዕፅ ነው። ፍሬም ዘርም የለውም። ቅጠሉን ብትገለብጡት ከጀርባው ተራ በተራ የተደረደረ ቡናማ ነጠብጣብ ታያላችሁ። እሱ ውስጥ ስፖር የሚባል፣ ለዓይን የማይለይ ብናኝ አለ። ብናኙ በንፋስ ተወስዶ እርጥብ ቦታ ላይ ሲያርፍ ከጥፍር የምታንስ ትንሽ ለጋ ነገር ታበቅላለች። አዲሱ ፈርን የሚወለደው እዚያች ላይ ነው። ወንዱ ህዋስ ወደ ሴቷ የሚደርሰው ደግሞ ዋኝቶ ነው። ስለዚህ ስስ የሆነ የውሃ ሽፋን የግድ ያስፈልገዋል። ውሃ በሌለበት አይራባም።

ይህ አሠራር በጣም ጥንታዊ ነው። ፈርኖች በምድር ላይ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖረዋል፤ አበባ የሚባል ነገር ገና ሳይኖር ማለት ነው። በኛም አገር አሉ። ደጋ ላይ ምንጭ ከድንጋይ ስንጥቅ ሲወጣ ዳሩን ብታዩ አታጧቸውም። ከደጋ ወደ ድሬ ቁልቁል ስትወርዱ ግን ፈርኑ ይቀርና ግራርና ቁልቋል ይተካዋል።

ፈርን ካንየን ላይ ግድግዳው ሁሉ ምንጭ ነው ማለት ይቻላል። ግድግዳው ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ድንጋይ አይደለም። የድሮ ወንዝ አምጥቶ የከመረው፣ በጊዜ ብዛት የተያያዘ ጠጠርና አሸዋ ነው። ከላይ ጫካው ላይ የዘነበው ውሃ በዚህ ጠጠር ውስጥ እየተጣራ ይወርድና በግድግዳው በኩል ይንጠባጠባል። ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ ፀሐይ ቀጥታ የምትገባበት ሰዓት ጥቂት ነው። ንፋስም አይበረታበትም። ስለዚህ የወጣው እርጥበት ሳይደርቅ ይቆያል፣ ፈርኑም ግድግዳውን ይይዛል።

ታዲያ እዚያ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፣ ድሬ የምታገኘው 600 ገደማ ነው። ግን የነሱ ዝናብ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወርደው ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት እምብዛም አይዘንብም። ታዲያ ጫካው ለምን አይደርቅም?

መልሱ ጭጋግ ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ንፋስ የላይኛውን የባህር ውሃ ከዳርቻው ያርቀዋል። በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። በሞቃታማው ወራቸው እንኳ የባህሩ ውሃ 12 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እግር የሚያደነዝዝ። ከሰፊው ውቅያኖስ እርጥበት ይዞ የሚመጣው ሞቅ ያለ አየር በዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር የያዘውን እርጥበት ሁሉ መሸከም አይችልም፣ እርጥበቱ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል። ያ ነው ጭጋግ። ጭጋጉ ወደ ሸለቆዎቹ ይገባል። የሬድውዱ ደቃቅ ቅጠሎች ጠብታውን ይለቅሙታል፣ ጠብታው እየከበደ ሲመጣ መሬት ይወርዳል። ዝናብ ሳይዘንብ ከዛፍ ስር ይዘንባል ማለት ነው። በሬድውድ ጫካዎች ላይ በተደረገ ጥናት ጫካው በዓመት ከሚያገኘው ውሃ አንድ ሦስተኛ ገደማ የመጣው ከጭጋግ ነው። ዛፉ በሌለበት ግን ያው ጭጋግ ሳይያዝ ያልፋል። ዛፉ ውሃ ጠጪ ብቻ ሳይሆን ውሃ አምጪም ነው። ይህን እኔ ደጋግሜ ለሰው የምናገረው ነገር ነው፣ ምክንያቱም እኛ አገር ዛፍ ሲቆረጥ የሚታሰበው የጠፋው ጥላ ብቻ ነው።

ይህም ሆኖ ከጥንታዊው የሬድውድ ጫካ ዛሬ ሳይቆረጥ የቀረው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሌላው ለጣውላ ሄዷል።

ጅቡቲስ ባህር አላት፣ ለምን ጫካ የላትም?

ለኛ ለድሬ ልጆች ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ድሬ ከደረሰ ጀምሮ ከጅቡቲ ጋር ቤተሰብ ነን። ባህሩ ሩቅ አይደለም። ግን ዳርቻው ድንጋይና አሸዋ ነው።

ባህር ብቻውን ዝናብ አያመጣም። እርጥብ አየር ዝናብ ወይም ጭጋግ የሚሆነው ሲቀዘቅዝ ነው። የሚቀዘቅዘው ደግሞ ወይ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያልፍ ነው፣ ወይ ተራራ ገጥሞት ወደ ላይ ሲወጣ። የጅቡቲ ባህር ሞቃት ነው፣ ከተማዋም ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ናት። ስለዚህ እርጥበቱ ወበቅ ሆኖ ይቀራል። ጅቡቲ ሄዶ የማያውቅ እንኳ ከዘመድ ሰምቶ ያውቀዋል፣ ሸሚዝ ከሰውነት ጋር የሚያጣብቀውን ሙቀት።

ተራራ ባለበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን የጎዳ ተራሮች አሉ። እዚያ ላይ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዴይ የሚባል የጥድ ጫካ አለ። ከባህሩ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይጨጋጋል፣ ጥዱ በዚያ ይኖራል። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለ የጅቡቲ ቆቅ የሚኖረውም በነዚህ ተራሮች ነው። የሚያሳዝነው ከጥዱ ብዙው ደርቆ ቆሟል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ኦማን ሠርቶ የተመለሰ ዘመድ ካላችሁ ስለ ሰላላ ጠይቁት። አገሩ በረሃ ሆኖ፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሰላላና ከኋላዋ ያሉት ተራሮች በጭጋግና በካፊያ ይሸፈናሉ፣ ሣሩ ይለመልማል። ኸሪፍ ይሉታል። አሠራሩ ከካሊፎርኒያው ጋር ይመሳሰላል፦ ንፋሱ የላይኛውን ውሃ ይገፋል፣ ቀዝቃዛው ይወጣል፣ ጭጋግ ይፈጠራል፣ ተራራው ይይዘዋል።

ታዲያ የኛ ሸለቆ ምን ዓይነት ነው?

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከገደሉ ስር የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተደቡብ የሐረርጌ ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ወደ ሐረር ስትሄዱ ደንገጎን በመኪና ስትወጡ ጆሯችሁ ድፍን የሚለው ለዚህ ነው። ከዚያ ደጋ የሚነሱ ወንዞች አጭር ርቀት ሄደው ሜዳው ላይ ይፈሳሉ። በመንገዳቸው የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ቆርጠው ሸለቆ ይሠራሉ። ዋሻዎቹም የዚያ ሥራ ናቸው። ፖርክ ኤፒክ የሚባለው፣ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ዋሻ፣ ለከተማው ቅርብ ነው። የለገ ኦዳ የዋሻ ሥዕሎችም በኛው አካባቢ ናቸው። ሰው በነዚህ ገደሎች ጥላ ስር ማረፍ የጀመረው ዛሬ አይደለም።

ልዩነቱ ውሃው ላይ ነው። ወንዞቻችን ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ናቸው። ደቻቱን እናውቀዋለን፣ ከዚራና መጋላን የሚለየውን። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ አህያ ይተኛበታል። ላይ ወደ ገደሉ ስትሄዱም እንደዚያው ነው። ነጭ አሸዋ፣ ለስላሳ፣ ሜዳ። ከፈርን ካንየን ይልቅ ለመራመድ የሚመች ይመስላል፣ ምክንያቱም ግንድ የለው፣ ውሃ የለው። ሰዉን የሚያታልለው ይሄ ነው። አሸዋው ሜዳ የሆነው ውሃ ደልድሎት ነው። አለዚያማ ድንጋይና እሾህ በሆነ ነበር።

ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፍ ከየት ይመጣል?

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ዝናብ የሚዘንበው ጣሪያው ሁሉ ላይ ነው፣ ውሃው የሚወርደው ግን በአንድ አሸንዳ ነው። አሸንዳው ስር ባልዲ ብታስቀምጡ ወዲያው ይሞላል፣ ግቢው መሃል ላይ ያስቀመጣችሁት ግን ገና ታቹ አልራሰም። የደንገጎና የዙሪያው ደጋ ጣሪያው ነው። ገደሉ አሸንዳው ነው። እኛ ደግሞ ልጆቻችንን ይዘን ሽርሽር የምንወጣው አሸንዳው ውስጥ ነው።

ይህን ጣሪያ ባለሙያዎች ተፋሰስ ይሉታል። ዝናቡን ሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚልክ መሬት ሁሉ ማለት ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ነው። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ 100 ቦቴ። እንግዲህ ደጋው ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ሲወርድና መሬቱ በአሥሮች የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን አስቡት። ከዚያ ውሃ ግማሹ እንኳ ወደ ገደሉ ቢመጣ፣ ገደሉ የሚችለው አይደለም።

ግማሹስ ለምን ይመጣል? መሬት ለምን አይጠጣውም? ጫካ ያለበት መሬት ይጠጣል። የረገፈው ቅጠል፣ ሥሩ፣ ልል አፈሩ ውሃውን ይዘው ቀስ እያሉ ይለቁታል። ፈርን ካንየን ውስጥ ዝናብ በሌለበት ወር ግድግዳው የሚያንጠባጥበው ይህንኑ ነው። እኛ ጋ ግን ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ነው፣ አፈሩ ስስ ነው፣ ዛፉ ተመናምኗል፣ ብዙ ቦታ ድንጋዩ ወጥቷል። ዝናቡም እዚያ እንዳለው ቀኑን ሙሉ የሚያካፋ ሳይሆን ባጭር ጊዜ የሚደፋ ነው። ውሃው ለመስረግ ጊዜ አያገኝም። ይንደረደራል። ደራሽ ጎርፍ የምንለው ይህ ነው፤ ዝናቡ ከዘነበ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርስ። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው ደርቆ፣ ፀሐይ እያቃጠለች ሊመጣ ይችላል።

የ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻን የድሬ ሰው አይረሳውም። ጎርፉ የመጣው ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ ሺዎች ቤታቸውን አጡ። ብዙ ቤተሰብ ሬሳ እንኳ ሳያገኝ ለቅሶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ግን ያለው ከተማው ውስጥ ነው። ወደ ላይ፣ ገደሉ ውስጥ፣ ሽርሽር በምንሄድበት ቦታ፣ ግንብ የለም። በዚያ ዓመት ያልተወለዱ ልጆች ዛሬ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ሃይኪንግ የሚወጡ ወጣቶች ሆነዋል። እኔ የምፈራው ለነሱ ነው። ነገሩ እንደ ተረት እንዳይደርሳቸው።

ቦታው ጎርፍ የሚያልፍበት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ገደሉ ራሱ ይናገራል፣ ማየት ብቻ ነው። አሸዋው ዳር ያለ ግራር ጋ ቁሙና ቅርንጫፉን ቀና ብላችሁ እዩ። ፌስታል ተጠምጥሞበት፣ የማሽላ አገዳና የደረቀ ሣር ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተው ተጣብቀውበት ታገኛላችሁ። ንፋስ ያመጣው ፌስታል ብቻውን ተንጠልጥሎ ይውለበለባል፤ ጎርፍ ያመጣው ግን ከጭቃና ከአገዳ ጋር ተገምዶ፣ ደርቆ፣ ቅርንጫፉን ያቅፋል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ከፍታውን ለኩት። ከራሳችሁ በላይ ከሆነ፣ ውሃው በዚያ ቦታ ከራሳችሁ በላይ አልፏል ማለት ነው። ልጆቹንም አሳዩአቸው። ከመቶ ምክር ይልቅ ይህች ፌስታል ትገባቸዋለች።

ግድግዳውንም እዩ። ከታች የተላጠ፣ የለሰለሰ፣ ከላይ የሻከረና ሣር የያዘ ከሆነ፣ መስመሩ የውሃው ቁመት ነው። ቀጥሎ የማየው መውጫውን ነው። ግራና ቀኝ ልጅ ይዞ የሚወጣበት ተዳፋት አለ ወይስ ሁለቱም ወገን ቀጥ ያለ ገደል ነው? መውጫ የሌለው ጠባብ ቦታ በሥዕል ያምራል፣ ከልጅ ጋር ግን ቁጭ ብለው ምሳ የሚበሉበት ቦታ አይደለም።

መቼ እንሂድ?

ድሬ ላይ ሁለት የዝናብ ጊዜ አለ። አንዱ መጋቢትና ሚያዝያ ነው፣ ሁለተኛው ሐምሌና ነሐሴ፣ መስከረምንም የሚነካ። በነዚህ ወራት ገደል ውስጥ ልጅ ይዞ መግባትን እኔ አልመክርም። ፈርን ካንየን ላይ ድልድዮቹ የሚነሱበት ወቅት እንዳለ ሁሉ እኛም ጋ ገደሉን የምንተውበት ወቅት ሊኖር ይገባል። በዚያ ጊዜ መውጣት ከፈለጋችሁ ሐረር ዙሪያ ከፍ ያለው መሬት ላይ ተራመዱ። ለአዋቂዎች ደግሞ የቁንዱዶ ተራራ አለ።

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ደጋው ላይ የሚዘንበው ጥቂት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጎርፉ ጨርሶ አያሰጋም አይባልም፣ ሙቀቱም አይቻልም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ደጋው ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘንበው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው፣ መሬቱ ጠዋት ሞቆ አየሩ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ፣ 4 ሰዓት ላይ ወደ መመለሱ ብትሆኑ ከሁለቱም ታመልጣላችሁ፣ ከፀሐይም ከውሃም። ከመነሳታችሁ በፊት ደንገጎ ወይም ከዚያ በላይ የምታውቁት ሰው ካለ ደውሉ። "ትናንት ማታ ዘንቧል? አሁን ደመና አለ?" ብቻ ነው ጥያቄው። የድሬን ሰማይ አይቶ መወሰን ዋጋ የለውም፤ ጣሪያው እዚያ ነው ያለው።

መንገድ ላይ ከብት የሚጠብቁ ኦቦ ካገኛችሁ፣ ወይ ውሃ ቀድተው የሚመለሱ አዴ፣ ሰላም ብላችሁ ጠይቋቸው። የሚኖሩት እዚያ ነው፣ ወንዙን የሚያውቁት በድምፁ ነው። "ማታ ላይ ሲያስገመግም አድሯል፣ ዛሬ ከዚህ አትለፉ" ካሏችሁ አትከራከሩ። ለልጆች ቃል ገብታችሁ ቢሆንም ተመለሱ። ማሳ መሃል የምታልፉ ከሆነም ማስፈቀድ ደንብ ነው፣ ጫት ይሁን ማሽላ።

ምን ይያዝ? ምን ያህል እንሂድ?

ብዙ አልዘረዝርም። ውሃ ከምታስቡት በላይ ያዙ፤ ገደል ውስጥ ያገኛችሁትን ውሃ ለልጅ አትስጡ፣ ላይ ከብት ይጠጣበታል። ነጠላ ጫማ ይቅር፣ ጣት የሚሸፍን ይሁን። ኮፍያ፣ ሎሚ፣ ሙዝ፣ ቆሎ፣ ሳምቡሳ ካላችሁ ሳምቡሳ።

ርቀቱን የምትወስኑት በትንሹ ልጅ ነው እንጂ በአባትየው አይደለም። ፈርን ካንየንን ቤተሰብ የሚወደው 1.6 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ነው፣ ከዚያም መንገዱ ላይ የሚታይ ነገር ስለበዛ። ልጅ ርቀት አይወድም፣ የሚነካ ነገር ይወዳል። ድንጋይ ይለቅም፣ አሸዋ ይቆፍር፣ እንሽላሊት ያባር። አንድ ሰዓት ሄዳችሁ ሁለት ኪሎ ሜትር ካልሞላችሁ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው።

ሙቀትን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጅ ሙቀት ቶሎ ይጎዳዋል፣ ሲጎዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም። ሲጫወት የነበረ ልጅ ድንገት ዝም ካለ፣ ከተነጫነጨ፣ ራሴን አመመኝ ወይም አቅለሸለሸኝ ካለ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ልብሱን አቅልሉለት፣ ፊቱንና አንገቱን በውሃ አርጥቡ፣ ትንሽ ትንሽ አጠጡት። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከደከመ ግን ወዲያው ሐኪም ጋ ነው።

ውሃው ከመጣስ?

ጎርፍ ከመታየቱ በፊት ምልክት ሊሰጥ ይችላል። ደረቅ በነበረው አሸዋ ላይ ስስ ውሃ መሳብ ይጀምራል፣ ወይም የነበረው ጥሩ ውሃ ድንገት ይደፈርሳል። ጭራሮና አረፋ ከፊቱ ይገፋል። ከላይ በኩል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሰማል፣ ከባድ መኪና ዳገት ላይ የሚያጓራ የሚመስል። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ቪዲዮ ለመቅረጽ አትቁሙ። ዕቃውን ተዉት፣ ልጆቹን ያዙና በጎን በኩል ወደ ላይ ውጡ። ብዙ ሰው በድንጋጤ ወደመጣበት፣ ማለትም ወደ ታች፣ በአሸዋው ላይ ይሮጣል። ውሃው የሚሮጠውም በዚያው ነው፣ ከእናንተም ይፈጥናል። አምስት ሜትር ወደ ጎን መውጣት አምስት መቶ ሜትር ወደ ታች ከመሮጥ ይበልጣል።

ከወጣችሁ በኋላ ቁጭ በሉ። ማቋረጥ አይሞከርም። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂን ሰው ሊጥል ይችላል፣ ልጅንማ አታንሱት። 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል፤ ባጃጅ ከዚያ በጣም ባነሰው ይሄዳል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ወለሉ ተቦርቡሮ ጉድጓድ ይሁን አይሁን አይታይም። የደራሽ ጎርፍ አንድ ደግ ነገር በመጣበት ፍጥነት የሚጎድል መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይቀንሳል። ግን አንዴ ቀነሰ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ከሌላ ገባር የሚመጣ ሁለተኛ ማዕበል ሊኖር ይችላል። ስልክ ከሠራ ለቤት ሰው ያላችሁበትን ንገሩ፣ ካልሠራም ከፍ ያለው ቦታ ላይ ቆዩ። ድንጋዩ ላይ ያለው የውሃ ምልክት እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ አሸዋው ዳግም እስኪታይ ድረስ ማንም ልጅ ከእጃችሁ አይውጣ።